አስማት አልባው አባል

እናንተዬ፣ የሌለን ነገር የለኝም ብሎ ማሳመን ምን ያህል እንደሚያደክም ደርሶባችሁ ያውቃል? ያለውን የደበቀ ሰው ተፈትሾ ይገኝበትና ይገላገላል። የሌለው ሰው ግን ምኑ ተፈትሾ ምኑ ይገኛል? እኔ ክረምቱን ሙሉ "የለኝም" ስል ከርሜ፣ "የለኝም" ባልሁ ቁጥር እየበዛልኝ የሄደ ሰው ነኝ። ገንዘብ ቢሆን እሰየው ነበር። የኔው አስማት ነው። ይባስ ብሎ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣብኝ ሚስት ላገባ ሽማግሌ ልልክ ስል ነው።

ያኔ ፍኖተ ሰላም የሥነ ዜጋ አስተማሪ ነበርሁ። ዘመኑ ሰው ሁሉ በአንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ ከአምስቱ ያልተቆጠረ ሰው ጥላውም የሚሸሸው የሚመስልበት ዘመን ነበር። እኔም እንደ ሰዉ አባል ነበርሁ። የምን አባል? የሁሉም። የድርጅቱ አባል፣ የልማት ቡድኑ አባል፣ የዕድሩ አባል። መዋጮ ከደመወዜ ይቆረጣል፣ ስብሰባ ሲጠራ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ ሲጨበጨብ አጨበጭባለሁ። ምን እንደተወሰነ የምሰማው ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ከባጃጅ ሾፌሩ ነው።

ልጅቷ አዝመራ ትባላለች። ቡሬ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። አባቷ አያ ቸኮል ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር በርበሬ አምራች ናቸው። አዝመራ ቀጥ ያለች ሰው ናት፤ ሽማግሌ ላክ ስትለኝ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ። አባቷን አንዲት ቃል ከዋሸሁ ሽማግሌዎቼን ይዤ በመጣሁበት ልመለስ። እኔም ምን ያስዋሸኛል ብዬ ማልሁ። እውነትም የሚደበቅ ነገር አልነበረኝም፤ ችግሩ እሱው ነበር።

አሁን ወደ ጣጣው ልግባ። እኔ በምኖርበት ግቢ አበባው የሚባል የእንግሊዝኛ መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። አንድ በጎ ፈቃደኛ ፈረንጅ አስተማሪ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ሥዕል የበዛበት ትልቅ መጽሐፍና በከረጢት የታሰሩ ጠጠሮች ትቶለት ሄደ። ጠጠሮቹ የወንዝ ጠጠር እንዳይመስሏችሁ። ገጻቸው ብዙ ነው፤ በየገጹ ቁጥር ተጽፎበታል። መጽሐፉ የጨዋታ መጽሐፍ ነው። ጨዋታው ሜዳ የለው፣ ኳስ የለው። አንዱ ተረቱን ይመራል፣ ሌሎቹ የተረቱን ሰዎች ይሆናሉ። ዘንዶ ሲመጣ እናንተ ትገድሉት እንደሆነ ወይም እሱ ይበላችሁ እንደሆነ የሚለየው ጠጠር ጥላችሁ በሚወጣው ቁጥር ነው። እኛም አራት አስተማሪዎች፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አበባው ቤት እየተሰበሰብን ዘንዶ እንገድል ጀመር።

ተረቱ የሚሆነው የአስማተኞች ማኅበር ባለባት ከተማ ነው። ማን ምን እንደሚሆን በጠጠር ይለያል። የፊዚክሱ መምህር ጣለና ከጣቱ እሳት የሚያፈልቅ ሆነ። የስፖርቱ መምህር ጣለና አሞራ የሚሆን ሆነ። እኔ ብጥል ከሁሉ ያነሰው ቁጥር ወጣ። አበባው መጽሐፉን አገላበጠ፣ ፊቱን አጨፈገገና "አንተ አስማት አልባ አባል ነህ" አለኝ።

ለካ በዚያ ማኅበር ውስጥ አስማት የሌላቸው አባላትም አሉ። በር ይጠብቃሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፣ የአስማተኞቹን በቅሎ ውሃ ያጠጣሉ፣ አዲስ መድኃኒት ሲቀመም ይገድል እንደሆነ ለማየት ቀድመው ይቀምሳሉ። ካባው እንደ ሌላው ይሰጣቸዋል። መዋጮ ይከፍላሉ። ጉባኤ ሲጠራ ከኋላ ይቀመጣሉ። ድግምቱን አንድም ቃል ሳያጓድሉ ቢደግሙት ምንም አይሆንም። ይህን ስሰማ፣ የጻፈው ፈረንጅ እኛ ቀበሌ ተሰብስቦ ሳያውቅ ይህን ሁሉ ከየት አመጣው እያልሁ ገረመኝ። ጓደኞቼ አዝነው ጠጠሩን ድገም ቢሉኝ እምቢ አልሁ። የለመድሁት ሥራ ነዋ።

ደግሞ አይባልም እንጂ ጎበዝ ነበርሁ። የማኅበሩ በረኛ ሆንሁ። አንድ ቀን ዘንዶው ከተማዋን ሊያቃጥል መጣ። የፊዚክሱ እሳት አልሠራ አለ፣ የስፖርቱ አሞራ ሸሸ። እኔ በር ላይ ቆሜ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ጠየቅሁት፤ የድጋፍ ደብዳቤ ሳይዝ አይገባም አልሁት፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ አልሁት። አበባው በሳቅ እየተንከባለለ ዘንዶው ተስፋ ቆርጦ ሄዷል ብሎ ፈረደ። ከቡድናችን ድል ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ለአዝመራ ስነግራት ፍኖተ ሰላም ድረስ የሚሰማ ሳቅ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ በረኛው እንዴት ሰነበተ ትለኝ ነበር።

ነገር ሲጀመር እህል ሲከመር ነው። አንድ እሁድ የግቢው ባለቤት እትዬ ጥሩነሽ ንፍሮ ቀቅለው ሊያቀምሱን ይመጣሉ። በሩ ገርበብ ብሏል። ምን አዩ? ሦስት የተማሩ ሰዎች መሬት ተንበርክከው ጠጠር ይጥላሉ። መካከላቸው ቀንድ ያለው ፍጡር የተሣለበት ትልቅ መጽሐፍ ተዘርግቷል። አበባው በፈረንጅ አፍ ያነበንባል። የፊዚክሱ መምህር ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀስሯል። እኔ ደግሞ ካባ ይሁነኝ ብዬ ጋቢ ከራሴ እስከ እግሬ ተከናንቤ፣ በሩ ሥር አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ቆሜያለሁ። ጠጠር ጣይ በሞላበት ሀገር ይህን ያየ ሰው ምን ይበል? እትዬ ጥሩነሽም የሚለፈልፉት ተማሪዎቹ፣ ዝም ያለው የኔታው መሆኑን በአንድ እይታ ለዩ። ንፍሮውን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደ ኋላቸው ሄዱ።

በማግስቱ፣ ዕለት ዕለት "አንተ፣ መብራቱን አጥፋ" ሲሉኝ የኖሩት ሴትዮ ጎንበስ ብለው "እንዴት አደሩ መምህር" አሉኝ። ደነገጥሁ። ነገሩ ሲገባኝ አስቀምጫቸው፣ ጨዋታ መሆኑን፣ ያም ቢሆን በጨዋታው ውስጥ እንኳ አስማት የሌለኝ እኔ ብቻ መሆኔን አስረዳኋቸው። የሠራሁት ስሕተት ይኸው ነው።

ጎጃሜ ላልሆነው አንባቢ ደንባችንን ላጫውተው። እኛ ዘንድ ዐዋቂ ነኝ የሚል ሰው ዐዋቂ አይደለም፤ ገበያ መካከል ክታብ የሚቸረችር አጭበርባሪ ነው። እውነተኛው ዐዋቂ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋና "ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ድሀ ነኝ" ይላል። ደግማችሁ ብትጠይቁት ይቆጣል። ሦስተኛ ብትጠይቁት ይምላል። የማለ እንደሆነ ጉድ ነው፣ ደመና ያዝዛል ማለት ነው። እኔ ደግሞ በደንቡ መሠረት አንገቴን ደፋሁ፣ ተቆጣሁ፣ ማልሁ። እትዬ ጥሩነሽ በፍርሃት ጉልበቴን ሊስሙ ቃጡ።

ወሬው በአንድ ለአምስት ወረደ። መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሩ የሚለው መልእክት ዓመት ሙሉ ያልደረሰበት ቤት የኔ ስም ሳይውል ሳያድር ደረሰ። አደረጃጀቱ ይሠራል ሲሉን አላምንም ነበር፤ እንዴት እንደሚሠራ በራሴ አየሁት። ለክረምት ትምህርት የመጡት ተማሪዎቼ ከፈተና በፊት እስክሪብቷቸውን ንካልን ይሉኝ ጀመር። አልነካም ብል ይብሳል ብዬ ነካሁ። ያለፈው በኔ አለፈ፣ የወደቀው ባለማመኑ ወደቀ። እኔ በሁለቱም አልተጎዳሁም፣ እንዲያው ስሜ ብቻ ከፍ አለ።

ከዚያ ለግምገማ ተጠራን። የቀበሌው የአደረጃጀት ኃላፊ ጓድ ምንይችል ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ መምህራን ሆናችሁ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ታስፋፋላችሁ፣ ልማቱን በጠጠር ልትገቱት ነው ወይ እያለ አብጠለጠለን። ግለ ሂስ አድርጉ ተባልን። የፊዚክሱ መምህር ከጣቱ እሳት እንደማይወጣ በጽሑፍ አረጋገጠ። የስፖርቱ መምህር ከእንግዲህ አሞራ እንደማይሆን ቃል ገባ። እኔ ተነሥቼ አስማት የለኝም ስል ግን የፊት ወንበር ላይ የነበሩት ሰውየ ወንበራቸውን ፈቀቅ አደረጉ።

ስብሰባው ሲያበቃ ጓድ ምንይችል ክንዴን ይዞ ከቢሮው ጀርባ ወሰደኝ። ዞን ላይ አንድ ቦታ ክፍት መሆኑን፣ አንድ ተወዳዳሪ እንዳለበት፣ ሰውየው መጥፎ ሰው ባይሆንም ለጊዜው አንደበቱ ቢተሳሰር ደስ እንደሚለው በሹክሹክታ ነገረኝ። የለኝም አልሁት። ግራ ቀኙን አየና "ገብቶኛል፣ እዚህ አይወራም" ብሎኝ ሄደ። ተወዳዳሪው ጉንፋን ይዞት ይሁን ሌላ፣ ለቃለ መጠይቁ ሳይቀርብ ቀረ። ጓድ ምንይችል ተሾመ። ለኔም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የሞዴል መምህርነት ወረቀት መጣልኝ። በደንብ ያስተማርሁባቸው ዓመታት ማንም ዞር ብሎ አላየኝም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። መስከረም ሲጠባ ሽማግሌዎቼ አያ ቸኮል ዘንድ ሄዱ። ደንቡ እንደምታውቁት ነው፤ ሽማግሌ ደጃፍ ቆሞ ካልተፈቀደለት አይቀመጥም፣ የልጁንም ነውር ደብቆ ደግ ደጉን ያወራል። የኔዎቹ ግን ፈሪዎች ነበሩ። ኋላ ደበቃችሁ እንዳይባሉ ብለው፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ ዘሩ ንጹሕ ነው፣ እንዲያው አንድ ነገር ይወራበታል አሉ። አያ ቸኮል ወሬውን ሰምተው ኖሮ፣ በረዶ ይመልስ እንደሆነ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ እሱ የለኝም ይላል ብለው መለሱ። ይህን ጊዜ አያ ቸኮል ብድግ ብለው በገዛ እጃቸው አጎዛ አነጠፉላቸው። ያን አካባቢ ሁለት መኸር በላይ በላይ በረዶ መትቶታል፣ በርበሬውም ገና ማሳ ላይ ነው። ልጁ ቅዳሜና እሁድ እየመጣ ይቀመጥልኝ፣ በርበሬው ሲሰበሰብ መልሴን እነግራችኋለሁ ብለው ሰደዷቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ቡሬ ወረድሁ፤ ከዚያ በጋሪ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ሄድሁ። እንደ ደረስሁ አያ ቸኮልን ፊት ለፊት ነገርኋቸው። አስማት የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም፣ በጨዋታው እንኳ በረኛ ነበርሁ አልሁ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። "ይሁን መምህር፣ እኔም አልጠየቅሁዎት" አሉ። ከዚያ ማሳው ዳር ወሰዱኝ። ደመና በሚመጣበት በምዕራብ በኩል አጎዛ የለበሰ በርጩማ ተዘጋጅቷል። ምንም አይናገሩ፣ ዝም ብለው ወደ ሰማዩ ይመልከቱ ብቻ ብለው አስቀምጠውኝ ሄዱ።

ተቀመጥሁ። ምን ላድርግ? አልቀመጥም ብል ልጃቸውን ናቅህ ልባል ነው። እንዲህ ሆኜ ቅዳሜና እሁዶቹን ደመና ሳይ ዋልሁ። ወፎቹ እንኳ አልፈሩኝም፤ አንዱ ጫማዬ ላይ ቆሞ ቃሪያ ይለቅም ነበር። ሰዎቹ ግን ከሩቅ ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተውኝ ያልፋሉ። ደመናውም ደግ ሆኖ ይበተናል። ደመና በመጣ ቁጥር በሆዴ ስለት እሳላለሁ፤ በተበተነ ቁጥር ደግሞ ስሜ ይገንናል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ትንሽ ደስ ማለትም ጀምሮኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው አጎዛ የለበሰ በርጩማ ቀላል ነገር አይደለም።

በመስከረም መጨረሻ አዝመራ የዚያን ቀን ሥራ ስላልነበራት ምሳ ይዛልኝ ማሳው ድረስ መጣች። ሰሃኑን አስቀምጣ እላዬ ላይ ቆመች። አባቷን ለምን እንደማታልል ጠየቀችኝ። እኔም አላታለልሁም፣ በመጣሁ ቁጥር የለኝም ብያለሁ አልኋት።

"አፍህ የለኝም ይላል፣ መቀመጫህ ግን በርጩማው ላይ ተደላድሎ አለኝ ይላል" አለች። "ውሸት በአፍ ብቻ የሚዋሽ መሰለህ? ወይ ተነሥ፣ ወይ እኔን እርሳኝ።"

አባባሏ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ተነሣሁ። በምሳዬ ፋንታ ኩራቴን ውጬ አያ ቸኮል ጋ ልሄድ ሁለት እርምጃ እንደተራመድሁ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቆረ። ይህኛው እንደ ወትሮው ደመና አልነበረም፤ ሆዱ ነጭ፣ ጫፉ አረንጓዴ፣ የሚያጓራ ነገር ነው። በየማሳው የነበረ ሰው እኔ መነሣቴን ሲያይ ሥራውን ጣለ። መምህሩ ጀመረ ተባለ። አያ ቸኮል ከቤታቸው ደጃፍ ሆነው ያዩኛል። ያን አስተያየት አልረሳውም፤ ልጁ ታሞበት ሐኪም ፊት የቆመ ሰው ነው እንዲያ የሚያየው።

በረዶው መጀመሪያ ሽምብራ ሽምብራ ሆኖ ወረደ፣ ቀጥሎ ባቄላ ባቄላ። ሰዉ ሁሉ ጣሪያ ሥር ገባ። ማሳውን ምን ላደርገው እችላለሁ? ምንም። ነገር ግን ቀድሞ የቀላው በርበሬ ተለቅሞ፣ ቤቱ አጠገብ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ነበር። ወደዚያ ሮጥሁ። ኮቴን አውልቄ አንዱ ላይ ጣልሁ። ሌላውን ሰሌን አጥፌ እየጎተትሁ ጎተራው ሥር አስገባሁ፤ ተመለስሁ፤ ሌላውን ጎተትሁ። በረዶው ራሴን ይወቅጠኛል። ጸጉሬ ከመሐል አናቴ ከሸሸ ቆይቷል፤ መከለያ የሚባል የለኝም። አዝመራ በአንዱ በኩል ያዘችልኝ። አያ ቸኮልም መጥተው በሌላው በኩል ያዙ። ሦስታችንም እየተንደፋደፍን ሰሌን እንጎትት ነበር።

ሲያባራ መሬቱ ነጭ ሆኗል። ማሳው ላይ የቆመ ነገር የለም፤ የተቀጠቀጠው ቃሪያ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። አያ ቸኮል በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብለው ማሳቸውን አዩ። ልቤ ተሰበረ። የሰው የዓመት ልፋት ዐይኔ እያየ ጠፋ፤ እኔ ደግሞ ስንት ቀን ሙሉ እዚያው ፊት ለፊት ተጎልቼ ተስፋ ስሰጣቸው ከርሜያለሁ። የለኝም ብዬዎት ነበር አልኋቸው። ልጅቷም ቀረች፣ ስሜም ቀረ ብዬ ለመሄድ ኮቴን ማፈላለግ ጀመርሁ።

ኮቴን ሳላገኝ ጎረቤቶቹ መጡ። በረዶ መቼም መንገድ አለው፤ በአንዱ ማሳ አልፎ ሌላውን ይተወዋል። የነሱ ማሳ አንድ ቅጠል አልተነካበትም። አናቴ ላይ ያበጠውን እያዩ፣ የአገሩን ሁሉ በረዶ በራሱ ተቀበለልን፣ የአማቱን በርበሬ ሰውቶ እኛን አተረፈ እያሉ ተንበረከኩ። አስማት የለኝም አልኋቸው። አንደኛው ሰውየ አለቀሰ።

እነሱ ሲሄዱ አያ ቸኮል ቤት አስገቡኝ። አዝመራ ቅቤ አምጥታ እብጠቴን ታሸኝ ጀመር፤ እንደተቆጣች ከእጇ ያስታውቃል። አያ ቸኮል አረቄ ቀዱልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜም አንተ አሉኝ።

"ልጄ፣ እንደሌለህ አሁን ገባኝ" አሉ። "ያለው ሰው ሰሌን አይጎትትም። በረዶ የሚመልስ ዐዋቂማ ብዙ አይቻለሁ፤ በረዶ ሲወርድ ግን ከኔ ቀድሞ የሚሮጥልኝ አላየሁም። ጥር ላይ ሰርጉ ይሁን።"

አዝመራ ማሸቷን አቆመች። እኔ እጃቸውን ልስም ስነሣ፣ መልሰው አስቀመጡኝና በሩን ዘጉ።

"አንድ ነገር ግን ላስቸግርህ ነው" አሉ። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ነው። እነዚህ ያየሃቸው ሰዎች ድንበሬን ሲገፉ ነው የኖሩት። ያንተ ወሬ ከመጣ ወዲህ ማንም ሳይጠይቃቸው የገፉትን ትልም መለሱ፣ በሬዎቻቸውን አሰሩ። በርበሬዬ ሄዷል፤ መሬቴ እንኳ ይቅርልኝ። እንደሌለህ አይወቁብኝ።"

አዝመራን አየኋት። እሷም አየችኝ። አያ ቸኮል ሆይ፣ ልጅዎ እንዳልዋሽ አስምላኛለች፣ ሰው ቢጠይቀኝ እውነቱን ከመናገር በቀር ምን እላለሁ አልኋቸው።

አያ ቸኮል ከት ብለው ሳቁ፤ በርበሬው ከጠፋ ወዲህ የሳቁት ያኔ ነው።

"ማን ዋሽ አለህ?" አሉኝ። "ሲጠይቁህ እንደ ወትሮህ 'የለኝም' በላቸው።"